አንድ ሌሊት ያደረ ቃል

፩

ላጋን፦ መርከብ አደጋ ላይ ሲወድቅ ወደ ባሕር የሚጣል፣ ባለቤቱ ተመልሶ እንዲያገኘው ግን ተንሳፋፊ ምልክት የታሰረበት ዕቃ።

ይህን ቃል ለምናሴ ያመጣለት የጎረቤቱ ልጅ በሪሁን ነው፤ የመርከብ መካኒክ። ሌላው መርከበኛ ለወዳጁ ሽቶ ያመጣል፤ በሪሁን ቃል ያመጣ ነበር።

«ያመጣ ነበር» የሚለውን አንባቢ ለጊዜው እንዳልሰማ ይለፈው። እናቱም ገና አልሰሙም።

፪

ምናሴ ወረታ ገበያ ዳር ጃንጥላ ይጠግናል። እንግሊዝኛ ያስተማረው ራዲዮ ነው። የሚወደው ማንም የማይፈልጋቸውን ቃላት ነው። ፔትሪኮር፦ የደረቀ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ። ክሬፐስኩላር፦ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ብቻ ከጎሬው የሚወጣ አውሬ።

«አቶ ዲክሽነሪ፣ ጎመን በእንግሊዝኛ ስንት ነው?» ይሉታል የሰፈሩ ሰዎች።

«በእንግሊዝኛም ተወዷል።»

፫

ከሰዓት በኋላ የበሪሁን እናት እትዬ የሻረግ የሚጮኽ ስልክ ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ፈረንጅ ነው መሰል። እስቲ ስማልኝ። ድምፁን ከፍ አድርገው፣ እኔም ልስማ።»

(የተነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። አንዱ ቃል ግን ሳይተረጎም ቀርቷል፤ ያልተተረጎመበትን ምክንያት ታያለህ።)

ድምፅ፦ የበሪሁን ቤተሰብ ነህ?

ምናሴ፦ ጎረቤት ነኝ። እናቱ አጠገቤ ናቸው።

ድምፅ፦ የምደውለው ከመርከብ ድርጅቱ ነው። የሞተር ክፍሉ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ነበር። ዲሲደንቱን ወደ አገሩ ለመላክ የቤተሰቡ ፈቃድ ያስፈልገናል።

ምናሴ፦

ድምፅ፦ ትሰማኛለህ? ዲሲደንቱን…

ምናሴ፦ ገብቶኛል። ነገ ደውሉ።

እትዬ የሻረግ፦ ዲሲደንት የሚለው ምንድን ነው?

፬

ዲሲደንት፦ የሕግና የቢሮ ቃል ነው።

ሟች።

፭

መርዶ ለብቻ አይነገርም። ገበያ መሃልም አይነገርም። ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ቄሱም ሽማግሌውም ዘመዱም ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ የምትወድቀውን የሚይዝ እጅ ሲበዛ።

ለብቻዋ የሰማች አንዲት ሴት ምናሴ ያውቃል። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ቆማ ሳለ አንድ ከግንባር የተመለሰ ወታደር «ያ ልጅሽማ ቀረ» ብሏት አለፈ። ከዚያ ወዲያ ታናሹን ልጇን በሟቹ ስም እየጠራች ኖረች፣ በሟቹ ስም እየጠራች ሞተች።

ታናሹ ምናሴ ነው።

፮

«ሹመት ነው አይደል?» አሉ እትዬ የሻረግ።

ስልኩን መለሰላቸው።



«ነገ ጠዋት ቤትዎ መጥቼ በደንብ አስረዳዎታለሁ።»

«ዛሬ ምን ሆነህ?»

«ቃሉ ከበድ ይላል፣ እትዬ።»

ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቁ። «አንተ ደግሞ፣ ለቃል ስትጨነቅ!»

ጀርባቸውን ሲሰጡት በልቡ፦ ጌታ ሆይ፣ እስከ ነገ አፌን ያዝልኝ።

፯

መርዶ ስታሳድር እንዲህ አድርግ። ለቄሱ ንገር። ለሽማግሌዎቹ ንገር። የእድሩን ጡሩንባ ነፊ «ገና ነው» በለው። እናቲቱን መንገድ ላይ ካገኘሃት አትሽሽ። ሰላም በላት። ስለ ዝናቡ አውራ።

ፈገግ በል።

፰

እትዬ የሻረግ ግን ቤት አልዋሉም። በየደጁ ዞሩ።

«ልጄ ዲሲደንት ሆነ! ነገ በማለዳ ቤቴ ኑ፤ ምናሴ ፍቺውን ይነግረናል። ማንም እንዳይቀር!»

መርዶውን ቀድመው የሰሙት ጎረቤቶች መሬት መሬት እያዩ «እንኳን ደስ አለዎት» አሉ። ያልሰማችው ጎረቤት ጥሩሰው እልል አለች። አንዷ ሮጣ አፏን እስክትይዛት ድረስ እልል አለች።

ምናሴ እልልታውን ከሱቁ ሆኖ ሰማው። የያዘውን ጃንጥላ ከፈተው፣ ዘጋው። ደግሞ ከፈተው።

፱

ማለዳ። ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ ሴቶቹ። ምናሴ ከፊት። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ በሩ ክፍት ነው።

አልጋው ወጥቷል። ወንበሩም ወጥቷል። ወለሉ ላይ ለብዙ ሰው የሚበቃ ሰሌን ተነጥፏል። እትዬ የሻረግ ወገባቸውን በነጠላ ታጥቀው መሃል ቆመዋል።

«እትዬ…»

«ትናንት ስልኩን ይዘህ ፊትህን አየሁት» አሉት። «ለብቻዬ እንዳልሰማ ፈራህልኝ። እኔም ለብቻህ እንዳትነግረኝ ሰው ጠራሁልህ።»

ጥሩሰው ከኋላ ማልቀስ ጀመረች። በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ቆይ አንቺ፤ ገና አልተነገረኝም።»

ወደ እሱ ዞሩ።

«በል እንግዲህ፣ የኔ ልጅ። በአማርኛ ንገረኝ።»

፲

ምናሴ፦