አብረው የሄዱ ችካሎች

የሰናይት ግራ እግር በእርሻው መሃል እስከ ጉልበቷ ሲሰጥም መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። የፍልፈል ጉድጓድ መሰላት። እግሯን ስትጎትት ቦቲ ጫማዋ ከታች ቀረ። ልታወጣው እጇን ብትሰድ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገባ፤ የሚጨበጥ ነገር አጣች።

ቦታው ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ ካባ አናት ነው። የሰናይት ሥራ ገደሉ እንዳይናድ መጠበቅ ነው። ከገደሉ አፍ አጠገብ በምታውቀው አንድ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ችካል ተክላለች። በየማለዳው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታ ቅጽ ላይ ትፈርማለች። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። ዛሬም «ለውጥ የለም» ብላ ፈርማ ሰጥታለች፤ ዘጠኝ ሰዎች ፊርማዋን አምነው ከገደሉ ሥር ወርደዋል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነባት ነው በእርሻው አቋርጣ የተመለሰችው።

ባለ እርሻው ኦቦ ዲሪርሳ በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ።

«አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ» አሉ ክንዷን ይዘው እያስነሷት። «ዋልካ ነው። መሰንጠቅ ልማዱ ነው።»

«በሐምሌ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። ዋልካ አፈር በበጋ አፉን ይከፍታል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ይገጥማል። ይህን ለእሳቸው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያዩት?»

«እርሻውን ስደግመው አየሁት፣ ደፈንኩት። ስሰልሰው ደግሞ ተከፍቶ ጠበቀኝ፤ ደፈንኩት። ጤፍ ልስልስ መሬት ነው የሚወደው።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«የእርሻ ነገር ላንቺ ምን ይነገራል? እኔ ድንጋዩን ነው የምጠብቀው አልሽኝ እኮ።» ከዚያ ወደ ገደሉ አዩ። «ኢፋዬ ከታች ነው» አሉ ቀስ ብለው። ኢፋ ልጃቸው ነው።

ሰናይት ስንጥቁን በዓይኗ ተከተለችው። ከገደሉ አፍ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ትልሙን እየቆረጠ ዳር እስከ ዳር ሄዷል። ሁለቱም ችካሎቿ ከዚህ ስንጥቅ ወዲያ፣ በገደሉ በኩል ናቸው። ወይ ጉድ። በአንድ ሚኒባስ የተሳፈሩ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት በምን ይለወጣል? መሬቱ ችካሎቹን ይዞ ሲሄድ እሷ አስራ አንድ ቀን ሙሉ ምንም አልለካችም።

ፊሽካዋን ነፋች። በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርጋ የካባው በር ስትደርስ ሰዎቹ ከገደሉ ሥር ወጥተው ቆመዋል። በዕድሜ እኩያዋ የሆነው ሥራ አስኪያጁ ሳህሉ ቅጹን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት።

«ጠዋት የፈረምሽው ይኼ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

«ከእርሻው መሃል ሌላ ስንጥቅ አለ። ችካሎቹን የተከልኳቸው በሚሄደው መሬት ላይ ነው።»

ሳህሉ አልጮኸም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። አምና ሠራተኛችንን ትንሳኤን ድንጋይ ሲጫነው ማን ታሰረ? የፈረመው። ቋሚ ልትሆኚ አንድ ወር ነው የቀረሽ፣ ልጅ አለሽ። የዛሬውን ጭነት ይጨርሱ፤ ነገ ችካሉን በዝምታ እናዛውረዋለን።»

ሰናይት ፈራች። ምን ይደበቃል፣ በዚያች ደቂቃ የፈራችው ለዘጠኙ ሰዎች አልነበረም፤ ለራሷና ለልጇ ለሄመን ነበር። አንድ ልቧ እሺ በይው አላት።

«ሰኒ፣ እንግባ ወይስ?» አለ ኢፋ ከወዲያ። የሚከፈላቸው በጭነት ስለሆነ የቆሙበት ሰዓት ከኪሳቸው ነው የሚሄደው። አንዱማ ድጅኖውን አንስቶ ቁልቁል መራመድ ጀምሯል።

«ቅጹን ስጠኝ» አለች ሳህሉን።

ፊርማዋን ልታጸና መስሎት እስኪርብቶውንም ጨምሮ ሰጣት። ቅጹን ጭኗ ላይ አስደግፋ ከፊርማዋ ሥር ጻፈች፣ እንደገና ፈረመች። ሳህሉ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልፋው ሄዳ ወረቀቱን ለኢፋ ሰጠችው።

«ጮክ ብለህ አንብበው። ያንንም ሰውዬ ጥራው።»

ድጅኖ የያዘው ሰው ተመለሰ። ኢፋ ማንበብ ጀመረ። «ችካሎቹ የተተከሉት በሚንሸራተት መሬት ላይ ነው። አስራ አንዱንም ቀን የተፈረመው ትክክል አይደለም። ጥፋቱ...» አቆመና ቀና ብሎ አያት።

«ጨርሰው» አለችው። «ስሜንም ጭምር።»