የቅዳሜ ልጆች ካሴት

"ስሚኝ ጵርስቅላ፣ ካሴቱ የት ነው ያለው?"

ከድር ይህን ያላት በቀብሩ ማግስት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል ገብቶ ቁጢጥ ብሎ ነው። ጵርስቅላ ከሰሌኑ ላይ ቀና ብላ አየችው። ባሏ ጠና ከሞተ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስለ ካሴት የሚጠይቃት ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

"የምን ካሴት?"

"የኛ ነዋ፣ የባንዱ። ስድሳ ስድስት ላይ ሚሲዮኑ አዳራሽ የተቀዳነው። ቅጂ የለውም፤ ያለችው ያቺው አንዷ ናት፣ እሷም እሱ ዘንድ ናት።"

"ሳጥኑን ገና አልከፈትኩትም።"

"ክፈቺው እባክሽ። ነገ ሰልስት ነው። ጋሼ ሀብቴ 'ምን ይውጣለት?' እያሉ ተጨንቀዋል።"

ጋሼ ሀብቴ የጠና ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጭንቀታቸውም የሀገር ነው። በእነሱ ወገን ወንድ ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ መታወቂያው ይወጣለታል። ፈረሰኛ ከነበረ ፈረሱ ተጭኖ ይመጣል፤ አዳኝ ከነበረ ጦሩ ይያዝለታል። ለቀስተኛው ከኋላ ከኋላው እየዞረ ሥራውን ያነሳለታል። ምንም ሳይወጣለት የተሸኘ ሰው እንዳልኖረ ነው የሚቆጠረው። ጠና ፈረስም ጦርም አልነበረውም። የነበረው አኮርዲዮን ነው፤ እሱንም ቀበሌው ከወሰደው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጋሼ ሀብቴ ለአንድ ቀን እንዲያውሷቸው ሊለምኑ ሄደው ነበር። "የሕዝብ ንብረት ለግል ለቅሶ አይወጣም" ተብለው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ተመለሱ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራው ስለ ቅዳሜ ልጆች፣ ስለ ባንዱ፣ ነበር። "ሀደሮ ላይ የእኔን ሰርግ ያደመቁት እነሱ ናቸው።" "ሺንሺቾ ሲመጡ ሱቅ ተዘግቶ ነበር እኮ።" "ወይ ጠና፣ ወይ ጣት።" ጵርስቅላ ይህን እየሰማች ከንፈሯን ነከሰች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠና የእህል መጋዘን በር ላይ ቁልፍ ይዞ ሲቀመጥ አንዳቸውም "እስቲ አንድ ዜማ" አላሉትም።

በዘመናቸው ጥሩ ነበሩ፤ ይህን እሷም አትክድም። አምስት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ይጫወቱ ስለነበር ሰው የቅዳሜ ልጆች አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ጠና አኮርዲዮን፣ ዛሬ መናኸሪያ ትኬት የሚቆርጠው ከድር ከበሮ። ዘፋኟ ደግሞ ትርፊት የምትባል የሺንሺቾ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሄደው ሸክላ ሊያስቀርጹ ቀን ቆርጠው ነበር፤ ቀኑ ሳይደርስ አብዮቱ ደረሰ። ከዚያ ቀበሌው "እናንተ ከዛሬ ጀምሮ የኪነት ቡድን ናችሁ" አላቸው። ሌሎቹ እሺ አሉ። ጠና ግን አንድ ዘፈን ነበረው፣ በሀዲይኛ ራሱ የገጠመው፣ ራሱ ዜማ ያወጣለት፣ ሰው የሚሞትለት። ዜማው እንዳለ ይሁን፣ ግጥሙ ግን በአማርኛ ስለ ምርት ይሁን አሉት። እምቢ አለ። ጎጠኛ ተባለ። ሦስት ወር ታስሮ ሲወጣ አኮርዲዮኑ ቁጥር ተጽፎበት ቀበሌው ቢሮ ተቀምጧል፤ ዘፈኑም ስለ ምርት ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ ያ ዜማ በየማለዳው ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ለስብሰባ መጥሪያ፣ ለመዋጮ መጥሪያ። ትናንት አስከሬኑ በቀበሌው በር ሲያልፍ እንኳ እየተዘፈነ ነበር። ከድርን ያንገበገበው ይኸው ነው።

"ነገ ሜዳው መሀል ቴፕ አስቀምጬ አሰማቸዋለሁ" አላት። "የማን እንደሆነ ይወቁት። ለሀደሮም ለሺንሺቾም በሾፌሮቹ መልእክት ልኬአለሁ፤ ይመጣሉ።"

"ምን ዓይነት ናት?"

"ጥቁር ናት፤ ጠናን ጎጠኛ ያሉት ጊዜ ፈርተን ጽሑፏን ላጥነው፤ አሁን ምንም አልተጻፈባትም። ግን ታውቂያታለሽ፤ ማንም እንዳይቀዳባት ጠና ከላይ ያሉትን ሁለቱን ጥርሶች በቢላ ሰብሯቸዋል። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ እኮ መቅዳት አይቻልም፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም።"

ጵርስቅላ ነጠላዋን ሰበሰበች። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሴቶቹ ልታለቅስ መስሏቸው ተዉአት። ሳጥኑን ከፈተች። ሁለት ሸሚዝ፣ የእስር መፈቻ ወረቀት፣ የልጃቸው የፋንታሁን ደብዳቤዎች። ካሴት የለም። እንደማይኖርም ገና ከድር አፉን ሳይዘጋ አውቃዋለች።

ፋንታሁንን ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት ሰባ ስምንት ላይ ነው። በዓመቱ ከኤርትራ ግንባር ጻፈ፤ "ድምፃችሁ ናፈቀኝ፤ በካሴት ቀድታችሁ ይህን በሚያመጣው ወታደር ላኩልኝ" ብሎ። ወታደሩ በማግስቱ ተመላሽ ነው። እሑድ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው። የከድር ሚስት ነፊሳ ቴፗን አዋሰቻቸው፤ ካሴት ግን አልነበራትም። ጵርስቅላ ያን ጊዜም ይህንኑ ሳጥን በርብራ ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ካሴት አገኘች።

"ይሄ ባዶ ነው?" አለችው።

ጠና ተቀበላትና አገላብጦ አየው። ብዙ አየው። ያን ጊዜ የገረማት መዘግየቱ ብቻ ነበር።

"ባዶ ነው" አላት።

ከዚያ ለቁስል የሚለጠፈውን ፕላስተር አምጥቶ ሁለት ቁራጭ ቀደደና ካሴቱ ራስ ላይ ለጠፈ። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችው። "ቀዳዳ አለው" አለ፣ ሌላ አላለም። መጀመሪያ እሱ ተናገረ፤ "ልጄ ደህና ነህ ወይ፣ እኛ ደህና ነን።" ከዚያ በላይ አልሆነለትም፤ ወደ ጓሮ ወጣ። የቀረውን የሞላችው እሷ ናት። ስለ ላሟ አወራች። ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ቄሱ መቀየር። አንዱ ፊት ሲያልቅ ገልብጣ ሁለተኛውንም ሞላችው። ከሰማንያ መጋቢት ወዲህ ከፋንታሁን ደብዳቤ መጥቶ አያውቅም። ሞቷልም አልተባለም። ካሴቱም ልጇም ያሉበት አይታወቅም።

ሳጥኑን ዘግታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ንዴት ነበር የያዛት። ለምን አልነገረኝም? ቢነግራት ነፊሳን ወደ ዘመድ ልካ ሌላ ካሴት ታስመጣ ነበር። ግን ነበር እንዴ? እውነቱን ከራሷ አልደበቀችም። ያንን ዘፈን አትወደውም ነበር። ዘፈኑ ለትርፊት ነው የተገጠመው ብለው ሰዎች ያሙ ነበር፤ እሷም አምናለች። ጠና ሲያንጎራጉረው ሥራ እንዳለባት ሁሉ ተነስታ ትወጣለች። በገዛ ቋንቋዋ የተገጠመ ዘፈን አንድም ቀን ቁጭ ብላ አልሰማችውም። ለማን እንደሆነ እንኳ ከግጥሙ ለማወቅ አልፈለገችም።

በሰልስቱ ሜዳው ሞላ። ከሀደሮ በአይሱዙ ተጭነው መጡ፤ ከሺንሺቾ የመጡት ደግሞ ትርፊትን ይዘው ነው። ትርፊት አሁን የአምስት ልጆች እናት ናት፤ ወፍራለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ጵርስቅላን አቅፋ ስታለቅስ ጵርስቅላ እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከድር ቴፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ቀረበ። "አምጪያት።"

"የለችም።"

ነገረችው። አላሳጠረችም፤ ፕላስተሩንም ላሟንም ነገረችው። ጋሼ ሀብቴ ጎንበስ ብለው ይሰማሉ። ስትጨርስ ከድር ጠየቃት።

"ራሱ ለጠፈው?"

"ራሱ።"

"እና ስለ ላም አወራሽበት።"

"ስለ ላም።"

ሊሰድባት ይችል ነበር፤ እሷም ብትሰደብ ትመርጥ ነበር። እሱ ግን ቴፑን መልሶ ጠቀለለው።

"ታዲያ ምን ይውጣለት?" አሉ ጋሼ ሀብቴ። "ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ።"

"ትርፊት አለች" አለ ከድር። "እሷ ትበልለት።"

ትርፊት መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ከዘፈነች ዘመን አልፏታል። እየገፋፉ መሀል አቆሟት። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ድምጿ ጎርነን ብሏል እንጂ ዜማው አልተዛነፈም፤ ከሀደሮ የመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። በሀዲይኛ ሁለት ቃል አለች። ሦስተኛው ላይ ቆመች። እሷ ከምባታ ናት፣ ሀዲይኛ አታውቅም፤ ግጥሙን ያኔ ጠና ቃል በቃል ነበር ያስጠናት። ደግማ ከመጀመሪያው ተነሳች፤ ደግማ እዚያው ላይ ቆመች። ወደ ከድር ዞረች። ከድር ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ዓይነት ምት ያውቃል፤ ግጥሙን ግን ያን ዘመን ሁሉ አብሮ ሲመታ ልብ ብሎ አልሰማውም። ጋሼ ሀብቴና ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሰሙት የድምፅ ማጉያውን ነው።

ሦስተኛ ስትነሳ ቃሉ አፏ ላይ መጣላት። የመጣው ግን የማለዳው ነው፤

"በማኅበር እንረስ፣ በማኅበር እንጨድ፣
ምርታችን ይትረፍረፍ፣ ጎተራው አይጉደል..."

ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ወዲያው ተቀበሏት። ከልጅነታቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አጨበጨቡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉ፤ ሜዳውን እየዞሩ፣ ከልባቸው እያለቀሱ፣ ስለ ጎተራ ዘፈኑለት። ትርፊት ምን እያለች እንደሆነ ገብቷታል፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ግን ካፏ ሌላ አይወጣም።

ጵርስቅላ ቆማ የገዛ ራሷን ትበረብር ነበር። አንድ ስንኝ። ግማሽ ስንኝ። ጠና በር ላይ ተቀምጦ ሲያንጎራጉር ታየዋለች፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየዋለች፤ እሷ ባልዲ አንስታ ወደ ጓሮ ስትወጣ ትታያታለች። ቃሉ የለም።

ሰውን እየገፋች ወደ መሀል ገባች። ትርፊት ፊት ቆመችና መዳፏን በቀስታ አፏ ላይ አደረገችባት። የኋላዎቹ ገና ይዘፍናሉ። ትርፊት እጇን አልገፋችም፤ ጵርስቅላም ከመዳፏ ሥር የትርፊት ከንፈር መንቀሳቀሱን እስኪተው ድረስ አላነሳችላትም።