ይመከርልኝ

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ትሕትና ይዞኝ ሳይሆን፣ ሳይሆኑ ጠበቃ ነኝ ማለት ራሱ ስለሚያስጠይቅ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአንድ ፖሊስ ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለኝ። አንዱ ወንበር የእኔ ነው፣ አንዱ የተበዳይ። በዳይም ሲመጣ እዚያው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አንዳንዴ ሳይቀዘቅዝ ይደርስበታል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ጻፍኩ። ስሜ ይስማው ይባላል። እናቴ ይህን ስም ስታወጣልኝ ሰሚ ይሆናል ብላ አስባ ከሆነ ተሞኝታለች፤ እኔን የሚቀናኝ መናገር ነው።

ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ ለራሱ ጠይቆ አያውቅም። ሁሉም የሚጠይቀው "ለአንድ ጓደኛዬ" እያለ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ወንጀለኛ የለም፣ ያለው የወንጀለኛ ጓደኛ ብቻ ነው። አንዱ መጥቶ፣ ጓደኛው መንገድ ላይ ስልክ ቢያገኝና ሲም ካርዱን ቢጥለው ሌብነት ይሆናል ወይ ይለኛል፤ ስልኩን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ። አንዷ ከደጋን ድረስ መጥታ፣ ጎረቤቷ በረገመቻት በሳምንቱ ላሟ ስለሞተች እርግማን በስንተኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጣ ጠየቀችኝ። በስልክ መዛት ያስከስሳል? ያስከስሳል። ሚስኮል ከሆነስ? ኧረ በሥላሴ! ሕግ አለማወቅ ከቅጣት አያድንም ስላቸው ደግሞ፣ "ታዲያ ማወቁ ያድናል?" ይሉኛል።

ለሁሉም የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ዝም በል። ዝም ማለት ሕገ መንግሥቱ የሰጠህ መብት ነው፣ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፣ እላለሁ። ግን የወሎን ሰው ማን ዝም ያሰኘዋል? መርማሪው "እንዴት አደርክ?" ካለው አለቀ። ሰላምታ ንቆ ዝም ማለት ነውር ነው። አልሐምዱሊላህ ብሎ ይጀምርና፣ የመርማሪውን ልጆች ደኅንነት ይጠይቅና፣ የዝናቡን ሁኔታ ያነሳና፣ ጨዋታው ደስ ብሎት እያለ ወንጀሉን ተናግሮ ይጨርሳል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ ሥራዬ ጥበብ ነው። ቀለል ያለ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። "ገፋኝ" ብለህ ከጻፍክ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። "ሆን ብሎ፣ ተዘጋጅቶና አድብቶ" ካልክ ግን መርማሪው ሻዩን ያስቀምጣል። የጻፍኩትን ለባለ ጉዳዩ መልሼ አላነብለትም፤ ባለ ጉዳይ ሲነበብለት ማረም ይጀምራል፣ ማረም ከጀመረ ደግሞ ጽሑፉ ይበላሻል።

ሰኔ ላይ ጋሽ በሺር መጡ። ሰባውን ያለፉ፣ ከመስጊዱ በታች የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጎረቤታቸው ሁዘይፋ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው፤ በየማለዳው ባጃጁን በራቸው ላይ ያቆማል። አንድ ቀን አንሳ አላነሳም ተባባሉ። ጋሽ በሺር የባጃጁን ብረት ይዘው ሲቆጡ፣ ልጁም ተናዶ ሞተሩን አስነሳ፤ ወደቁ፣ እጃቸው ተሰበረ። ልጁ ወዲያው ወርዶ ራሱ ሐኪም ቤት እንደወሰዳቸውም ነገሩኝ።

እኔም ታዲያ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ አልኳቸው። ጋሽ በሺር ጺማቸውን በግራ እጃቸው ዳበስ አድርገው፣ "ይመከርልኝ" አሉ። "ልጁ ደግ ነው፤ ቁጣው ብቻ ነው። ፖሊስ ጠርቶ ይምከርልኝ።"

ይመከርልኝ! እስቲ አሁን በዚህ ቃል ምን ይጻፋል? ይመከርልኝ የሚል ማመልከቻ ይዤ ከዚያ በር ብገባ መሳቂያ ነው የምሆነው። የሃያ ሁለት ዓመት ስም አለኝ። ብዕሬን አነሳሁና፣ "ከዚህ ቀደም ቂም ይዞብኝ የቆየው ተጠርጣሪ፣ ሆን ብሎ፣ ሕይወቴን ለማጥፋት አስቦ፣ በሚያሽከረክረው ባጃጅ ገጭቶ ጣለኝ" ብዬ ጻፍኩ። አምሮ ወጣ። ጋሽ በሺር መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር፤ የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉና አመስግነውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር የወጣ ግን ደሴ ድረስ ይሄዳል። መርማሪው ጽሑፌን ስለወደደው የጋሽ በሺርን ቃል ከማመልከቻዬ ላይ እንዳለ ገለበጠው። ዐቃቤ ሕጉ ከመርማሪው ገለበጠ። "ሕይወቴን ለማጥፋት አስቦ" የምትለዋ ሐረግ ጉዳዩን የግድያ ሙከራ አደረገችውና መዝገቡ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዋስትናም ተከለከለ። በር ላይ ባጃጅ ያቆመ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ትንሽ የቀረው ሆኖ ታሰረ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት የሁዘይፋ ሚስት ሱሀይላ ነሐሴ ላይ መጥታ ያችው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው። የክሱን ወረቀት ዘረጋችልኝ። ዓረፍተ ነገሬን ገና ሳየው አወቅሁት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳት? አላልኳትም። መብቴ ነው።

ሱሀይላ ብልህ ልጅ ናት፣ የምትጠይቀውም የጓደኛዋን ሳይሆን የራሷን ነበር። ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱ አፉ ተባብለዋል፤ ጋሽ በሺር የታሰረውን ልጅ ደሴ ድረስ ሄደው ጠይቀውታል፤ በራቸው ላይ የቀረውን ባጃጅ ራሳቸው ሸራ አልብሰውታል፣ ወንበሩን ዝናብ እንዳያበሰብሰው። ታዲያ ከታረቁ ለምን አይፈታም አለችኝ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ ክስ ቢሆን ዕርቁ ይዘጋው እንደነበር፣ የግድያ ሙከራ ግን የመንግሥት ጉዳይ እንደሆነ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና መንግሥትን ምን አደረገው ብላ ጠየቀችኝ።

በየሳምንቱ መጣች። በየሳምንቱ አስተማርኳት፣ እሷም እስር ቤት ሄዳ ለባሏ አስተማረችው። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ሌላ ምንም እንዳይል፤ "ሰው ለመግደል አላሰብኩም፣ ጥፋተኛ አይደለሁም" ብቻ ይበል። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃውም ይህንኑ መክሮት ነበር። ልጁ ሸምድዶታል፣ በእንቅልፉ ሁሉ ይለዋል ብላ ነገረችኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ቀጠሮው ደረሰ። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ጠረጴዛዬን አጥፌ በሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። ሄጄ ምን ልሆን? ለራሴ ሥነ ሥርዓቱን ልታዘብ ነው አልኩት። የችሎቱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ በሺር ከፊት ናቸው፤ ጀሶው ተፈቷል፣ እጃቸው ግን እንደተጣመመ ቀርቷል። ሱሀይላ ከጎናቸው ናት።

ሁዘይፋ ቀረበ። ከስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ክሱ ተነበበለት፤ እኔም የራሴን ጽሑፍ በሰው ድምፅ ሰማሁ። በሰው ድምፅ ሲሰማ አያምርም።

የመሐል ዳኛዋ ድርጊቱን ፈጽሞ እንደሆነ፣ ጥፋተኛ ነኝ ይል እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ አፉን ከፈተ። ዘወር ሲል ጋሽ በሺርን አየ፤ ያን የተጣመመ እጅ አየ። ሁለት ወር የሸመደደው ሁሉ በነነ። በሽማግሌ ፊት፣ አፉ ባሉት ሰው ፊት፣ "አላጠፋሁም" ብሎ ሊከራከር ነው? የት ያደገ ልጅ?

"አጥፍቻለሁ" አለ። "አፉ ብለውኛል።"

ጠበቃው ግንባሩን ያዘ። ዳኛዋ ለመግደል አስበህ ነበር ወይ ብለው ደግመው ጠየቁት። ሁዘይፋ ግራ ተጋባ፤ ወረቀቱን አየ፣ ጋሽ በሺርን አየ።

"እኔስ እንዲያ ያሰብኩ አይመስለኝም" አለ። "ግን ጋሽ በሺር ካሉ እንግዲህ ይሆናል። እሳቸው አይዋሹም።"

ይህን የመሰለ ጅል ጨዋነት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ችሎቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ጋሽ በሺር ሳይፈቀድላቸው ብድግ አሉ። ወላሂ እንዲህ አላልኩም፣ ይመከርልኝ ነው ያልኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ብረቱን ይዤ መንገዱን የዘጋሁበት እኔ ነኝ አሉ። ሁዘይፋ ደግሞ የለም፣ ያስነሳሁት እኔ ነኝ አለ። በር ላይ "እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም አንተ ቅደም" እንደሚባባሉ ሰዎች ጥፋቱን ተገባበዙት። ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ፣ ሽማግሌው ይህን የሚሉት ዕርቅ ስለተፈጸመ ነው፣ በአሻራ ያረጋገጡት ማመልከቻ ሌላ ይላል ብሎ ተቃወመ።

ዳኛዋ ማመልከቻውን አነሱት። ይህን የጻፈው ማን ነው አሉ፤ ጸሐፊው ቀርቦ የተነገረውን ቢያስረዳ ነገሩ ዛሬ መልክ ይይዝ ነበር፣ ተከሳሹም የዋስትና ጥያቄውን እንደገና ሊያቀርብ ይችል ነበር አሉ።

ጋሽ በሺር ወደ ኋላ ዞሩ። ወንበሩን ሁሉ በዓይናቸው አለፉና እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ማሰሪያው ተፈቷል። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ እሷስ ቢያንስ ተናግራለች።

"ዓይኔ ደካማ ነው ልጄ" አሉ ጋሽ በሺር፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ። "የጻፈውን ሰው መልክ አላየሁትም። ሳላስነብብ ጣቴን ያሳረፍኩ እኔ ነኝ።"

እኔም ሕገ መንግሥታዊ መብቴን ተጠቀምኩ።

የልጁ ቃል ግልጽ ስላልሆነ እንደ ክህደት ይመዝገብ ተባለ። ምስክር ለመስማት ለኅዳር አሥራ ዘጠኝ ተቀጠረ። ጋሽ በሺር ሐሰተኛ ማመልከቻ ማቅረብ እንደሚያስጠይቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ እሳቸውም እጅ ነስተው ተቀበሉ። ሁዘይፋን ይዘውት ወጡ። በሱሀይላ አጠገብ ሲያልፍ፣ "በደንብ አልተናገርኩም እንዴ?" ብሎ ጠየቃት።

ስመለስ የሚኒባሱ መጨረሻ ወንበር ላይ ጋሽ በሺር ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ ሌላ ቦታ አልነበረም። ጠጋ ብለው የመስኮቱን በኩል ለቀቁልኝ። የሐረጎ ጠመዝማዛ እንዳያዞርህ ነፋስ ያግኝህ አሉኝ። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ስለ ማሽላው አዝመራ አጫወቱኝ። ምነው በሰደቡኝ! ስድብ ቢሆን አንቀጽ አለው።

በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላዬን ስዘረጋ ሱሀይላ ቀድማኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከኋላዋ አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል፣ ሁሉም የጓደኛውን ጉዳይ ይዞ። ማመልከቻ ጻፉልኝ አለች፤ ደሴ ላለው ችሎት የሚቀርብ። በማን ላይ አልኳት።

"ያን ወረቀት በጻፈው ሰው ላይ" አለች። "ስሙን እርስዎ ያውቁታል።"

ብዕሬን ያዝኩ። እጄ ከልምዱ የተነሳ "ሆን ብሎ" ብሎ ጀመረ። ተው፣ ይህስ እውነት ነው ወይ ብዬ ቆምኩ። እውነት አልነበረም፤ ሆን ብዬ አይደለም፣ እንዲያምር ብዬ ነው። ሰረዝኩት። ምን ይደረግልኝ ትያለሽ አልኳት። ክስ ትላለች፣ ካሳ ትላለች፣ እስራት ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

"ይመከርልኝ" አለች።

ጻፍኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ አጭር ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ጋሽ በሺር ያሉኝን እንዳሉኝ፣ እኔ የጨመርኩትን እንደጨመርኩት አሰፈርኩ። ስም የሚለው ቦታ ስደርስ ትንሽ ቆየሁ። ሱሀይላ አላጣደፈችኝም። ጻፍኩትና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋሁላት።

መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

"ማንበብስ እችላለሁ" አለች። "ግን ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው።"

ተራ የያዙት ሰዎች ጠጋ አሉ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ከራሴ ስም ጀምሬ አነበብኩላት።