ሁለተኛው ጆይስቲክ

መጋቢት ሲገባ በኦሳካ ያለን የኩባንያ ሠራተኞች ሚስቶች ሁላችንም እንሰጋለን። የዝውውር ወሬ የሚመጣው በዚህ ወር ነው። ዘንድሮ ተራው የኛ ሆነ። ባሌ ኩኒሂኮ ከሥራ መጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «አኪታ ነው። ሦስት ዓመት» አለኝ።

አኪታ የአገሩ ሌላ ጫፍ ናት። እኔ ደግሞ እዚህ የታመመች እናት አለችኝ፤ ጥያት የትም አልሄድም። ስለዚህ እንደ ሁሉም ሰው እሱ ብቻውን ሊሄድ ነው። እኔም በወር አንዴ ብቅ እያልኩ ክፍሉን አጸዳለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ምግብ ሠርቼ ፍሪጁን ሞልቼ እመለሳለሁ። የሁሉም ሚስት ወግ ይኸው ነው፤ እናቴም ለአባቴ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ግን «እራት ቀርቧል» ብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ኩኒሂኮ ሃምሳን አልፏል፤ ጌም ሲያይ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ልጆች የሉንም። ማታ እራት ከበላን በኋላ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለን መኪና እንወዳደራለን። የማሸንፈው እኔ ነኝ። አሮጌው ማጫወቻ እኔ ጋ እንዲቀር ተስማማንና፣ ለሱ በእጅ የሚያዝ አዲስ ጌም ልንገዛ ቅዳሜ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደሞሉበት ወደ ኒፖምባሺ ሰፈር ወጣን።

ባለሱቁ ኢማዛቶ የኩኒሂኮ የድሮ ወዳጅ ነው። ራሰ በራ ነው፤ ምላሱም አያርፍም።

«ኧረ ባልና ሚስቱ መጡ! ዛሬ ከፋዩ ማነው?»

«እሱ ይከፍላል፣ እኔ እቆጣለሁ» አልኩት።

«እንግዲያው ሁሉም በየሙያው ነው» አለና ሁለት ሞዴሎች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረልን። አንደኛው ትንሽ፣ ቢጫ፣ ቅልል ያለ ነው። ቁልፎቹ ከራሱ ጋር የተሠሩ ስለሆኑ አንድ ሰው በእጁ ይዞ ብቻውን ነው የሚጫወትበት። ሌላው ትልቅና ጥቁር ነው። በእጅም ይያዛል፣ ቴሌቪዥን ላይም ይሰካል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጆይስቲኮች ደግሞ ተነቅለው ለሁለት ሰው ይሆናሉ።

ለኔ ነገሩ ያለቀ ነበር። «ትንሹን ውሰድ። የኩባንያው ክፍል እንደሆነ እግር ማስዘርጊያ የለውም። ጋደም ብለህ ትጫወትበታለህ።»

ኩኒሂኮ ትልቁን እያገላበጠ፣ «ይሄ ይሻለኛል» አለ።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ! ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ኖሬ አውቀዋለሁ፤ ይህ ሰው «እንዲሁ» ካለ የደበቀው ነገር አለ። ዓይኔ እነዚያ ተነቃይ ጆይስቲኮች ላይ አረፈ። አንዱን እሱ ይይዛል፤ እሺ። ሁለተኛውን አኪታ ላይ ማን ሊይዘው ነው? ጎረቤታችን ወይዘሮ ኩሪታ ትዝ አለችኝ። ባሏ ናጎያ ተዛውሮ ሳለ ሳትነግረው ብትሄድ፣ በሩ ላይ የሴት ነጠላ ጫማ ተቀብሏታል። ይህን ግን አፍ አውጥቶ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? ስለዚህ በማሽኑ ላይ ዘመትኩበት።

«ይከብዳል። ተኝተህ ስትጫወት እንቅልፍ ይወስድህና አፍንጫህ ላይ ይወድቃል።»

«ተቀምጬ እጫወታለሁ።»

«ብቻህን ለምትኖረው ሰውዬ ሁለት ጆይስቲክ ምን ይሠራልሃል?»

«ይኑር። ምን ቸገረሽ?»

ኢማዛቶ ነገሩ ሲከርር ገባ። «እህት ዓለም፣ ለምን እንዲህ አታደርጉም? ለአንቺም አንድ ትንሽ፣ ለሱም አንድ ትንሽ። በኢንተርኔት በያላችሁበት ትጫወታላችሁ።»

«ኢንተርኔት ክርን የለውም» አለ ባሌ።

«ምን?»

«ልታሸንፈኝ ስትል በክርኗ ትጎስመኛለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ያሸነፈችኝ በጨዋታ መሰለህ?»

ኢማዛቶ ሳቁን ለቀቀው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ገፍቶ ወጣ፤ ድምፄም ሱቁን ሞላው።

«ሁለተኛውን ጆይስቲክ ማነው የሚይዘው? እሱን ንገረኝ!»

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን። ኩኒሂኮ እስከ ጆሮው ቀላ።

«አንቺ ነሻ! ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔማ የምመጣው ለጽዳት ነው።»

«እሱን ነው የማልፈልገው» አለ። አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚናገረው። «መጥረጊያ ይዘሽ ገብተሽ መጥረጊያ ይዘሽ እንድትወጪ አልፈልግም። እኔው እጠርጋለሁ፣ ልብሴንም አጥባለሁ። አንቺ ስትመጪ ከጎኔ ቁጭ በይ። እዚህ ትንሹ ላይ ላንቺ የሚሆን ቦታ የለም።»

የኛ ዘመን ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ለሚስቱ አይናገርም፤ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። መግቢያ ጠፋኝ። እፍረቱም ደስታውም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ደስታው ይበልጥ ነበር። ኢማዛቶ ንጹሑን ካርቶን መወልወል ጀመረ። እኛ የኦሳካ ሴቶች ከቦርሳችን የማናጣውን ከረሜላ አውጥቼ የኢማዛቶ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምን ትወለውላለህ? ትልቁን ጠቅልልልን። ደህና አድርገህም ቀንስ።»

«ባልሽ እንዲህ ብሎሽ ዛሬም ትከራከሪኛለሽ?»

«እሱ ያለው ለኔ ነው። አንተ ቀንስ።»

ቀነሰ።

ከሱቁ እንደወጣን ታኮያኪ፣ ኦክቶፐስ የተከተተበት ድቡልቡል የሊጥ ጥብስ፣ ገዝተን መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ትኩስ ስለነበር እፍ እፍ እያልን ነበር የምንበላው። ኩኒሂኮ ቤት እስክንደርስ አላስቻለውም፤ ካርቶኑን ከፍቶ ማሽኑን ጭኑ ላይ አደረገ። ተቀበልኩትና የቀኙን ጆይስቲክ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይሄ እኔ ጋ ይቀመጣል። ስመጣ ይዤው እመጣለሁ።»

«በግራው ብቻ እኮ ብዙው ጌም አይሠራም!»

«አውቃለሁ።»

ፊቴን አየ፤ ቦርሳዬን አየ። ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«እንግዲያው በወር አንዴ አይበቃም» አለ።

«ጎሽ፣ ገባህ» አልኩትና የመጨረሻዋን ታኮያኪ በላሁበት።