የዘጠነኛው ቤት በቅሎ

ዶናታ ስለ እናቷ ያን ውሸት የሰማችው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሁለቱም ጆሮዎቿ፣ ስምንት ዩሮ ከፍላ ነው። ከሁሉ በላይ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሲሆን ሲሆን የሰደበ ይከፍላል እንጂ የተሰደበ ሰው እንዴት ይከፍላል?

የነገሩ ቆስቋሽ ጎረቤቷ ራኬሌ ናት። እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ፣ «አንቺ፣ የእናንተ ቤት እኮ ስልክ ውስጥ ገብቷል!» አለቻት።

«የምን ስልክ?»

«እንግዶቹ የሚሰሙት ነዋ። ቁጥር ዘጠኝ ናችሁ። የልጄ ባል ሰምቶት አልቅሷል አሉ።»

«የልጅሽ ባል ኳስ ሲሸነፍም ያለቅሳል» አለች ዶናታ። ግን ነገሩ ከነከናት።

በደቡብ ኢጣሊያዋ የዋሻ ቤቶች ከተማ፣ በማቴራ፣ ዛሬ በአፉ የሚናገር አስጎብኚ እየጠፋ ነው። እንግዳው ጉብኝቱን ስልኩ ላይ ይጭናል፤ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይወትፋል፤ ከዚያ በየዋሻው ደጃፍ የተለጠፈውን ቁጥር እየተከተለ ብቻውን ይዞራል። ድምፁ ቁም ሲለው ይቆማል፣ ቀና በል ሲለው ቀና ይላል። ሃያ ሰው አንድ በር ላይ ተኮልኩሎ፣ እርስ በርሱ ቃል ሳይለዋወጥ፣ እኩል ሲያዝንና እኩል ሲስቅ ማየት ለዶናታ የጤና አይመስላትም ነበር።

እሷ የተወለደችው እዚያው ታች፣ ዓለቱ ውስጥ በተፈለፈለ ቤት ነው። አሥር ዓመት ሲሞላት መንግሥት ሰፈሩን በሙሉ አንስቶ ላይ ወደተሠሩት አዳዲስ ቤቶች አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ለክብረ በዓልና ለሠርግ ወርዳ ታውቃለች፤ የራሳቸውን ቤት መንገድ ግን ረግጣው አታውቅም። ሰባ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፣ ጉልበቷም ቁልቁለት አይወድም። ቢሆንም ማክሰኞ ምርኩዟን ይዛ፣ ራኬሌ ስልኳ ላይ የጫነችላትን ነገር ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወረደች።

እስከ ቁጥር ስምንት ድረስ ነገሩ ሲያስቃትና ሲያበሽቃት ቆየ። ሰውዬው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ሲተነፍስ ይሰማል። የጋራው የውሃ ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ስለ ውሃው ጥልቅ ዝምታ አወራላት። የምን ዝምታ! ዶናታ እዚያ ጉድጓድ ላይ ሴቶች በተራ ተጣልተው በባልዲ ሲፈናከቱ አይታለች። የሰፈሩ የዳቦ ምድጃ ጋ ስለ ሕዝቡ ፍቅርና አንድነት ነገራት። እያንዳንዱ ቤት ዳቦውን በእንጨት ማኅተም ምልክት የሚያደርግበት ለምን ይመስለዋል? ካልታተመ ጎረቤት ይዛው እብስ ስለምትል ነው።

ቁጥር ዘጠኝ ላይ ግን ሳቋ ጠፋ።

«በዚህ ዋሻ» አለ ለስላሳው ድምፅ፣ «ፊሎሜና የምትባል እናት ከባሏ፣ ከአምስት ልጆቿና ከአንዲት በቅሎ ጋር ትኖር ነበር። በጥር 1951 በረዶ ሲጥል ፊሎሜና በቅሎዋን ከቤቱ ሞቃት ጥግ አስገባች፤ የስምንት ወር ልጇን ኮሲሞን ደግሞ በሩ ሥር አስተኛች። ሲነጋ ሕፃኑ ሞቶ ተገኘ። እናትየውም እንዲህ አለች፤ ልጅ ሌላ ይወለዳል፤ በቅሎ ግን ማን ይሰጠኛል? ድህነት የእናትን ልብ እንኳ ድንጋይ ያደርግ ነበር።» ከዚያ ቫዮሊን ተከተለ።

አጠገቧ የቆመች ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሴት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አንድ ረጅም ሰውዬ ራሱን ወዘወዘ። ሁሉም በፊሎሜና እያዘኑ፣ ሁሉም ፊሎሜናን እየተጸየፉ።

ዶናታ ማዳመጫውን መንጭቃ አወጣችው። «ውሸታም!» ብላ ጮኸች። «ውሸታም! ዓይን አውጣ!»

ማንም አልሰማትም፤ የሁሉም ጆሮ ተወትፏል። ረጅሙ ሰውዬ ብቻ ዞር ብሎ አያት፣ ፈገግ አለና ፎቶ አነሳት።

ውሸቱ ምኑ ላይ እንደሆነ በዚያ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በቅሎ በጓዳ የሚታሰረው ከልጅ በልጦ አይደለም፤ የቤቱ ማሞቂያ እሱ ስለሆነ ነው። ፊሎሜና በብርድ ጊዜ ኮሲሞን የምታስተኛው የበቅሎዋ ሆድ ሥር ነበር። እሷም እዚያው ጭድ ላይ ክንዷን በልጁ ላይ ዘርግታ ታድራለች። ዶናታ በሌላው ጎን ትተኛ ስለነበር የእንስሳይቱ ሆድ ከፍ ዝቅ ሲል ዛሬም ይታወቃታል። ኮሲሞን የገደለው ብርድ ሳይሆን የሳንባ ትኩሳት ነው። እናቱ በበረዶ ሁለት ጊዜ ዳገቱን ወጥታ ሐኪም ለምናለች፤ ሁለቴም ነገ እመጣለሁ ተብላ ተመልሳለች። ያን ሁሉ ማንም አልነገራቸውም፣ ወይም ተነግሯቸው ከቫዮሊኑ ጋር አልሄደላቸውም።

የጉብኝቱ ቢሮ ላይኛው አደባባይ ጥግ ነው። ሚሬላ የምትባል ወጣት ኃላፊ ወንበር ሳበችላት።

«ይቀመጡ ሲኞራ። ውሃ ላምጣልዎት?»

«ውሃ አልጠማኝም። እናቴን መልሱልኝ።»

ሚሬላ ግራ ገባት። ዶናታ ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ ጋደም አድርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ አዳመጠች። አዳምጣ ስትጨርስ ግን፣ «ይሄ እኮ እኛ የፈጠርነው አይደለም፤ ምስክር አለን» አለች።

«የምን ምስክር? ማን የሚባል?»

ሚሬላ ኮምፒውተሯን ነካካች። «ኤውስታኪዮ ይባላሉ። ወንድምዎ አይደሉም እንዴ?»

የዶናታ ታላቅ ወንድም ድምፅ ከማሽኑ ወጣ። እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ኮሲሞ መሞት ተናገረ። «ያን ዕለት ጠዋት ቤታችን ውስጥ፣ ልጅ ሌላ ይወለዳል፤ በቅሎ ግን ማን ይሰጣል የሚል ቃል ሰማሁ» አለ። ጠያቂዋ፣ «ማን ነበር የተናገረው?» አለችው። ዝምታ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። «ተይው» አለ ኤውስታኪዮ፣ «ያለፈ ነገር ነው።»

«ዝም ሲሉ እናታቸውን የሚሸሽጉ መሰለን» አለች ሚሬላ።

«መሰለን? መስሏችሁ ነው በሰው እናት ላይ የምትቀዱት?»

«ተናጋሪው ሌላ ሰው ከሆነ ወንድምዎ ይምጡ፤ ስሙን ጠርተው ይፈርሙልን፣ እናስተካክላለን። አለዚያ ግን ሲኞራ፣ በአሥራ አንድ ቋንቋ የተቀዳ ነገር…»

«በአሥራ አንድ ቋንቋ ነው እናቴን የምታዋርዷት?»

«ማንም አላዋረዳቸውም። ሰው እኮ እያለቀሰ ነው የሚሄደው። ከሁሉ የሚወደደው ቁጥር እሱ ነው።»

ዶናታ ምርኩዟን አነሳች። ትንሽ ብትቆይ ጠረጴዛውን ትመታው ነበር።

ኤውስታኪዮን ቤቱ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ቀይ በርበሬ በክር እየሰካ ነው ያገኘችው። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጣቶቹ ግን ዛሬም ፈጣን ናቸው። ሰላም ሳትለው ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከተተችና ቁጥር ዘጠኝን ከፈተችለት።

በርበሬውና ክሩ እጁ ላይ ቀሩ። ቫዮሊኑ ሲመጣ ማዳመጫውን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አለ።

«ያልከውን ሰምቼዋለሁ። ያላልከውን ንገረኝ። ያን ቃል የተናገረው ማን ነው?»

ኤውስታኪዮ በገዛ ቤቱ ሰገነት ላይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተገላመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ሰውዬ ነዋ።»

ዶናታ ያኔ ገባት። ያ ሰውዬ፣ በቤታቸው ስሙ የማይጠራው፣ አባቷ የሚያርስለት ባለርስት አዛዥ ነው። የበቅሎዋ ግማሽ የርስቱ ነበር፤ አባቷ ያን ግማሽ ከፍሎ የራሱ ለማድረግ ዕድሜውን ፈጅቷል። ፊሎሜና እስክትሞት ድረስ የዚያን ሰውዬ ዘመድ መንገድ ላይ ካየች ወደ ማዶ ትሻገር ነበር። ለምን እንደሆነ ለሴት ልጇ አንድም ቀን አልነገረቻትም።

«ኮሲሞ በሞተበት ጠዋት መጣ» አለ ኤውስታኪዮ። «ልጁን አልነበረም ሊያይ የመጣው። እናታችን ኮሲሞን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ አባባ ሳጥን ሊለምን አናጢው ጋ ሄዷል። በአጠገቧ አልፎ ገባ። የበቅሎዋን ከንፈር ገልጦ ጥርሷን አየ፣ እግሯን ዳበሰ። ከዚያ ነው የተናገረው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምንም። ሊወጣ ሲል ገለል ብላ አሳለፈችው።»

ዶናታ ሻሿን ከአንገቷ ፈታችው። «ሰውዬው እኮ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል! ምን ይሆናል ብለህ ነው ስሙን የዋጥከው?»

«የልጅ ልጁ መች ሞተ? ሎሬዳና የምታበስለው የማን ሆቴል ውስጥ ነው? ልጄን ከምድጃዋ ላይ ላስነሳት?»

«እና የእናትህን ስም አስበላህ!»

«እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

«እሷም ዝም ብላለች። እሷ ገለል ስትል የሞተ ልጅ ታቅፋ ነበር። አንተ ምን ታቅፈህ ነው ገለል የምትለው? በርበሬ?»

ኤውስታኪዮ ፊቱ ቀላ። «ውጪልኝ ከቤቴ» አላት፤ ግን እሱም አብሯት ተነሳ፣ እሷም አልወጣችም። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃንነታቸው ተፋጠው ቆሙ። በመጨረሻ እሷ ናት የተናገረችው። «ነገ ጠዋት ቤታችንን አሳይሃለሁ። ውስጡን እኔም አላየሁትም። አይተህ ከዚያ በኋላ ዝም ካልክ ዝም በል፤ ሁለተኛ በርህን አላንኳኳም።»

በማግሥቱ አይመጣም ብላ አስባ ነበር፣ መጣ። ባርኔጣውን አድርጎ፣ ለቀብር የሚለብሰውን ኮት ለብሶ። ቁጥር ዘጠኝ ደጃፍ ላይ የተኮለኮሉትን እንግዶች በክርናቸው እየገፉ ገቡ።

ቤቱ አንሷል። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ አልጋው ላይ ንጹሕ ነጭ ልብስ ተነጥፏል። ጓዳው ውስጥ ከወረቀት የተሠራች በቅሎ መብራት በርቶላት ቆማለች፣ ቀለሟም አምሯል። በሩ ሥር፣ የድንጋዩ ወለል ላይ፣ ከገመድ አጥር ወዲያ የሕፃን የእንጨት አልጋ ተቀምጧል። አልጋው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሻንጉሊት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ኤውስታኪዮ።

«ኮሲሞ ነው» አለች ዶናታ።

ኤውስታኪዮ ባርኔጣውን አወለቀ። አሻንጉሊቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ከበሩ ሥር የሚገባውን ንፋስ በእጁ ሞከረው። ከዚያ ባርኔጣውን ለእህቱ አቀበላትና ገመዱን ተሻገረ።

የማስጠንቀቂያ ደወል ወዲያው ጮኸ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አልጋውን ታቀፈ። ከባድ ነበር፤ ሁለቴ መሬት አስቀምጦ አረፈ፣ ዶናታ ልትረዳው ብትል ጉልበቷ ገመዱን አላሳልፍ አላት። ልቡ እስኪጠፋ እየተነፈሰ ጓዳው ድረስ አደረሰው፤ ጎንበስ ብሎም የወረቀቷ በቅሎ ሆድ ሥር ሸጎጠው። አሻንጉሊቱን ፊቱን ወደ ሆዷ አዞረለት። እንግዶቹ አንድ በአንድ ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው ያወጡ ጀመር።

የቤቱ ጠባቂ፣ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰች ጎልማሳ ሴት፣ እየሮጠች መጣች። «ምን እያደረጉ ነው? አይነካም እኮ! ማን ፈቀደልዎት?»

«ቦታው ነው» አለ ኤውስታኪዮ።

«የምን ቦታው! እኔ ነኝ የምጠየቀው። ቆይ፣ ስም እመዘግባለሁ፣ ለቢሮ ነው የማስተላልፈው።» ከኪሷ ደብተር አወጣች። «ስም?»

ኤውስታኪዮ እህቱን አላያትም። እንደ ትናንቱም ግራ ቀኝ አልተገላመጠም።

«ጻፊ» አላት ጮክ ብሎ። «ጀርቫዚዮ ታራሎ።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እሱማ የርስቱ አዛዥ ነበር። በጥር 1951 አሁን አንቺ የቆምሽበት ላይ ቆሞ፣ እናቴ የሞተ ልጇን እንደታቀፈች፣ ልጅ ሌላ ትወልጃለሽ፤ በቅሎ ግን ማን ይሰጥሻል አላት። ቃሉን እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው። ከሥሩ ደግሞ የእኔን ስም ታደርጊያለሽ። ሰምቼ ከሰባ ዓመት በላይ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»