ለአባትየው የተላከው ብርድ ልብስ

ከዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲሰን ሆቴሎች መንገደኛ ከሚያመላልሱት ሾፌሮች መካከል ኮሪያን እንደ ሲራጁዲን ሁሴን የሚያውቅ አልነበረም፤ ራሳቸውን ኮሪያውያኑን ጨምሮ። የኖረው አንድ ዓመት ነው። ሲያወራው ግን ዓመቱ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ሦስት ይሞላል። አሥራ አንዱ ተማሪዎቹ ሰማንያ ይሆናሉ። በፈጣኑ ባቡር ሲሄድ ሻይ አዝዞ፣ ሻዩ ሳይቀዳለት ባሕሩ ዳር ደርሷል። ተራራ ላይ ካለ የቡድሃ ገዳም ገብቶ ሠላሳ ዓመት ያልሳቁ መነኮሳትን በእንግሊዝኛ አስቋል።

"ወላሂ! ትልቁን መነኩሴ ሆዱን እንደያዘ ነው ደግፈው ያወጡት።"

"ቀጣፊ!" ይለዋል ሞገስ፣ ሁልጊዜ ከኋላው ተራ የሚይዘው ሾፌር።

"አንተ ከኢርቪንግ ወጥተህ ታውቃለህ? ዝም በልና ተማር።"

አንድ ነገር ብቻ አያወራም። ስለ ብርድ ልብሱ።

ብርድ ልብሱ ሰማያዊ ነው፤ ጥጡ ወፍራም፣ ጠርዙ በነጭ ክር የተለቀመ። ካሮልተን ባለው አፓርትማቸው ውስጥ እንግዳ ባደረ ቁጥር ባለቤቱ ሰኪና ከቁም ሳጥን አውጥታ ታነጥፈዋለች። "ባሌ የኮሪያ አንደኛ አስተማሪ ተብሎ የተሸለመው ነው" ትላለች፣ እጇን እያሻሸችበት። ያን ጊዜ ሲራጅ መኪናው በደንብ ፓርክ መደረጉን ለማየት ይወጣል። መኪናው ሁልጊዜ በደንብ ፓርክ ተደርጎ ነው የሚገኘው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ኖቬምበር ላይ፣ ኢሜይል መጣለት። የጻፈችው ሱጂን ናት፤ ዎንጁ በምትባለው ከተማ ያስተማራት፣ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ የነበረች ልጅ። እንግሊዝኛዋ አንድ እንከን አልነበረውም፤ ያስተማራት እሱ ስለሆነ አንድ አፍታ ደረቱ ተነፋ። ቀጥሎ ያነበበው አስተነፈሰው።

"ቲቸር፣ ለታንክስጊቪንግ ከአያቴ ጋር ዳላስ እንመጣለን። አጎቴ ካሮልተን ነው የሚኖረው። አያቴ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጣው አባትህን አይቶ ሊሰግድላቸው ነው። እሑድ ከሰዓት ይመቻቸዋል? ብርድ ልብሱ ይሞቃቸው እንደሆነ ዘወትር ይጠይቃል።"

የሲራጅ አባት ሁሴን ደሴ ውስጥ ከተቀበሩ አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። ኮሪያ የሚባል አገር መኖሩንም በሬዲዮ ካልሰሙ በቀር አያውቁም። ልብስ ሰፊ ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሲራጅ በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ የሚሠራበት መጋዘን ሲዘጋ፣ የአሜሪካ ፓስፖርቱንና አዲስ ዲግሪውን ይዞ ዎንጁ ሄደ፤ ልጆች ከትምህርት በኋላ እንግሊዝኛ በሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በነጠላ ጫማ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን ሱጂን ደብተሯን ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ስትሰጠው እሱም ሳያውቀው በሁለት እጁ ተቀበላት። ልክ እንደ ወሎ ልጅ! ዓለምን ዞሮ ዞሮ በሁለት እጅ የሚሰጥ ሕዝብ ዘንድ ደረሰ።

ሁለት እናቶች ግን አልወደዱትም። አሜሪካዊ ሲባል ጠጉሩ ቢጫ የሆነ ነበር የጠበቁት። ዳይሬክተሯ ዓይኑን ሳታይ፣ "አርብ እናቶቹ ክፍል ገብተው ትምህርቱን ይመለከታሉ። ካልተደሰቱ ግን..." ብላ ተወችው። ካሮልተን ሚስትና ሦስት ልጆች አሉ። ተመልሶ ምን ብሎ ይገባል?

አርብ እናቶቹ ከኋላ ተደርድረው ተቀመጡ። የዕለቱ ትምህርት "ቤተሰቤ" የሚል ነበር። አንዲት እናት እጇን አጣምራ ስታየው፣ የሲራጅ ምላስ ባለቤቷን ሳታማክር ተነሳች።

"አባቴ በፈረንጆቹ ሃምሳ አንድ ኮሪያ ነበር። አሁን ዳላስ አብሮኝ ይኖራል። ያኔ ወታደር ነበር። የቃኘው ሻለቃ!"

ኮሪያ ውስጥ ይህ ስም ምን እንደሚያደርግ ሲራጅ በግማሽ ያውቅ ነበር፤ በዚያ ደቂቃ ሙሉውን ተማረ። አንዷ እናት መሐረቧን አወጣች። እንባ ያየ ምላስ ደግሞ ማን ሊይዘው! ልብስ ሰፊው ሁሴን በዚያ ከሰዓት በኋላ በረዶ ውስጥ ሦስት ቀን ሳይበሉ ዋሉ፣ ሁለት ኮረብታ ያዙ፣ ሦስተኛውን ሊይዙ ሲሉ ደወል ተደወለ። ሰኞ አራት አዲስ ተማሪዎች ተመዘገቡ።

ማክሰኞ የሱጂን አያት፣ ሚስተር ቾይ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ክፍሉ ድረስ መጡ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ተንበርክከው ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ ሰገዱለት። ሲራጅ ግንባሩን ለአንድ አላህ ብቻ ነው የሚደፋው። አሁን አንድ ሽማግሌ ለውሸት ሰገደ፣ እሱም ቆሞ ተቀበለ። "ኧረ ይነሱ አባቴ!" ማለት ነበረበት። አላለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው እሱንና ሱጂንን በአውቶቡስ ቹንቾን ወሰዱአቸው፤ ለኢትዮጵያ ወታደሮች የቆመው ሐውልት ያለባት የወንዝ ከተማ ናት። መንገዱን ሙሉ ብርቱካን እየላጡ አጎረሱት፤ የተቀቀለ እንቁላል ጨው ነክረው ሰጡት። ሐውልቱ ሥር ሲደርሱ ተናገሩ፤ ሱጂን በሰባራ እንግሊዝኛዋ ተረጎመች። በጦርነቱ ጊዜ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እናትና አባታቸው ሞተው መንገድ ዳር ሲንቀጠቀጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር የራሱን ብርድ ልብስ ከትከሻው አውርዶ ጠቀለላቸው። ስሙን አልጠየቁም። ወታደሩ ያን ሌሊት በምን እንደተኛ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያስቡ ኖረዋል።

ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሰማያዊ ብርድ ልብስ በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። ሟች ሚስታቸው የሰፋችው ነው።

"የዚያን ሰው ስም አላውቅም። ያንተ አባት ይቀበሉልኝ።"

ሲራጅ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ደሴ ፒያሳ ላይ፣ በፔዳል መኪናቸው የሚሰፉት አባቱ ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈችውን ቁራጭ ሁሉ በክር አስረው ከልብሱ ጋር ይመልሱ ነበር። "ለኔ አሻንጉሊት ብትተዋት ምናለ?" ብሎ ሲያለቅስ፣ "አማና፣ የሰው አደራ ናት ልጄ። የሰው አማና ቤት ካደረች ቤት ታፈርሳለች" ይሉት ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሲራጅ ግን እያደረ ከበደ። ቁም ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር አባቱ የማን አማና ናት የሚሉት ይመስለዋል።

ኢሜይሉ በደረሰ በማግሥቱ አዲሰን ሄዶ የአቶ ጫላን በር አንኳኳ። አቶ ጫላ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው፤ ከልጃቸው ከልዩ ጋር ይኖራሉ፤ ወደ ክሊኒክ አልፎ አልፎ የሚያደርሳቸው ሲራጅ ነው። ኮሪያ የዘመቱት እሳቸው ናቸው፤ የእውነት። እሳቸው ግን ስለ ኮሪያ አያወሩም። ቢጠየቁ "ብርድ ነበር" ብለው ያበቃሉ።

ሲራጅ ሁሉንም ዘረገፈላቸው፤ በሕይወቱ አንድ ነገር ሳይጨምር ሲያወራ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

"ሶ፣ ጋሽ ጫላ፣ ማለቴ፣ ለአንድ እሑድ ብቻ አባቴ ይሁኑልኝ። ብዙ አይናገሩም። ቁጭ ብለው ስግደቱን መቀበል ነው።"

አቶ ጫላ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አባትህ ሌባ ነበር?"

"ኧረ በአላህ! ምን ማለትዎ ነው?"

"ሰካራም ነበር? ይደበድብህ ነበር?"

"ጋሼ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው ደሴ አልተፈጠረም!" አለና ይህን ሲል ምንም አልጨመረበትም።

"ታዲያ ምን ጎድሎት ነው የለወጥከው?"

የሲራጅ ምላስ፣ ያቺ መነኮሳት ያሳቀች ምላስ፣ ጥላው ጠፋች።

"እኔ የራሴ ልጆች አሉኝ" አሉ ሽማግሌው፣ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው። "የሰው ልጅ አልሰርቅም። ሰውየውን ግን አየዋለሁ። በስሜ ከሆነ እመጣለሁ። አንተ መጀመሪያ ተናግረህ ካበቃህ በኋላ ነው ከመኪናው የምወርደው።"

ቅዳሜ ማታ ሲራጅ ብርድ ልብሱን ሲያጥፍ ሰኪና ደረሰችበት። ነገራት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"ሁለት ዓመት" አለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፤ "ሁለት ዓመት በሰው አማና ላይ እንግዳ ሳስተኛ ዝም ብለህ አየኸኝ?"

"ሰኪና..."

"መኪናህን ሄደህ እያት። ፓርክ መደረጓን።"

ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ ምኑን እንደሆነ ባታውቅም የሆነ ነገር እንዳለ። እሷ ብርድ ልብሱን ከእጁ ወስዳ ዘረጋችው። አንደኛው ማዕዘን ላይ ትንሿ ልጃቸው ጁወይሪያ በአልጋ ብረት የቀደደችው ቦታ አለ፤ ሲራጅ ራሱ ነበር መልሶ የሰፋው። ሰኪና ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ የመጀመሪያውን መጠቅለያ ጨርቅ ከመሳቢያ አውጥታ፣ እንደ ነበረ ጠቅልላ፣ በር ሥር አስቀመጠችው።

እሑድ የሱጂን አጎት ቤት ሲደርሱ አቶ ጫላ ቫኑ ውስጥ ቀሩ፤ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ሲራጅ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ሱጂን ከእሱ እኩል ሆና አድጋለች። "ቲቸር!" ብላ እንደ ድሮው ጎንበስ አለች። ሚስተር ቾይ ያንኑ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ከሲራጅ ትከሻ በላይ በሩን ያያል፤ አባትየውን ይጠብቃል።

ሲራጅ ብርድ ልብሱን በሁለታቸው መሐል ወለሉ ላይ አኖረና ተንበረከከ።

"ሱጂን፣ የምለውን ሁሉ ተርጉሚ። አንድም እንዳትተዪ። ኦኬ?"

"ኦኬ፣ ቲቸር።"

"አባቴ ኮሪያ መጥቶ አያውቅም። ወታደር አልነበረም። ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ከዚያ ደግሞ ስላማረብኝ ቀጠልኩበት። ይህ ብርድ ልብስ የኛ አይደለም።"

ልጅቷ ፊቷን ወደ አያቷ አዙራ መተርጎም ጀመረች፤ ሲራጅ ቋንቋውን ባያውቅም እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የት እንደደረሰ ከድምፅዋ ያውቅ ነበር። "ውሸት" የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ።

አጎትየው ሳሎን ጥግ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"አባትህ ሥራቸው ምን ነበር ይላል" አለች ሱጂን፣ ሳታየው።

ሲራጅ አፉ ላይ ምን ያህል ነገር እንደመጣ አላህ ያውቃል። ለአልጋ ወራሹ የሰፉ፣ ለሦስት ጠቅላይ ግዛት ዩኒፎርም ያቀረቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ካባ የሚቆርጡ አባቶች በአንድ ጊዜ ተሰልፈው ደጁን አንኳኩ። ሁሉንም መለሳቸው።

"ልብስ ሰፊ። የተማሪ ቁምጣ ይሰፋ ነበር። የተቀደደ ሱሪም ይጠግን ነበር። በቃ።"

ሚስተር ቾይ ጨርቁን ፈትተው ብርድ ልብሱን ዘረጉ። ሚስታቸው ወደ ሰፋችው ጠርዝ ሄዱ፤ እየዳሰሱ ዞሩ፤ ተቀዶ የተሰፋው ማዕዘን ላይ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩት።

"ማን ሰፋው ይላል።"

"እኔ። አባቴ ነው ያስተማረኝ።"

ሽማግሌው ስፌቱን እንደገና አዩና አንድ አጭር ቃል ተናገሩ። "ጥሩ እጅ ነው ይላል" አለች ሱጂን።

ሲራጅ ወጥቶ አቶ ጫላን አመጣ። ማን እንደሆኑ ሲነገራቸው ሚስተር ቾይ ጉልበታቸውን ሲያጥፉ፣ አቶ ጫላ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው እንደ ጎረምሳ ዘለው ሁለት ትከሻቸውን ያዙአቸው።

"ኧረ በእግዜር! ኧረ ተነስ ወንድሜ! ምን ሲደረግ!"

ይህንን ማንም አልተረጎመም። ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። ሲራጅ ዞር አለ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሊያደርገው ይገባ የነበረው ይኸው ነበር፤ እጅ መዘርጋት ብቻ።

ሚስተር ቾይ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ሰጡ። አቶ ጫላ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

"የሰጠሁት እኔ አይደለሁም በለው" አሉ ለሲራጅ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው፤ "አላስታውስም። የሰጠውን ግን ሳላውቀው አልቀርም። ብዙዎቻችን ለልጆች ሰጥተን ያን ክረምት ብርድ ልብስ አልነበረንም።"

ሲራጅ ለሱጂን በእንግሊዝኛ ነገራት፤ ሱጂን ለአያቷ ነገረች። ሽማግሌው ሳቁ፣ እያለቀሱ።

ሲወጡ ሲራጅ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ሱጂን ለአቶ ጫላ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ እስከ ወገቧ ሰገደች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። ሲራጅ ተስፋ አደረገ፤ ማድረጉንም ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

አንድ እጇን አነሳችና እንደ ማንኛውም የካሮልተን ልጅ ጣቶቿን አወዛወዘች።

"ባይ፣ ሚስተር ሁሴን።"

ቲቸር አላለችውም። ቫኑ ውስጥ አቶ ጫላ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ እንደ ሕፃን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲራጅ ሞተሩን አስነሳ፤ ማሞቂያውን ከፈተ፤ እስከ አዲሰን ድረስ አንድ ነገር አላወራም።