ሁለት ሳንቃዎች ወደ አቡ ገሉም

“ሙሽራ እንኳ እንዳንቺ አትጎተትም!” ብሎ ሁሜድ ከላይ ጮኸ።

የግመሉን ገመድ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በተራራውና በባሕሩ መካከል በተጣበቀችው ቀጭን መንገድ ይራመዳል። እህቱ ፍሬጃ ከታች ባሕሩ ላይ ናት። መልስ ለመስጠት የሚተርፍ ትንፋሽ የላትም። ሳንቃዋ ላይ ቆማ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ ረጅሙን መቅዘፊያ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየነከረች ትገፋለች። የሰሜኑ ነፋስ ፊት ለፊት ይመጣባታል። እጇን ለአፍታ ካሳረፈች፣ በስንት መከራ ያለፈችውን ድንጋይ መልሳ ከፊቷ ታገኘዋለች።

“ሻይ አፍልቼ እጠብቅሻለሁ!”

“ስኳሩን... አታሳንሰው!” አለች እንደምንም።

ውርርዱን ያመጣችው ራሷ ናት፤ ማንን ትወቅሳለች? ዳሃብ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሱቅ የነበረው ቢሾይ የሚባል እስክንድርያዊ ነጋዴ፣ ጠቅልሎ ወደ ከተማው ሊመለስ ስለሆነ የቀሩትን የመቅዘፊያ ሳንቃዎች በርካሽ እየሸጠ ነው። ዓይነታቸው ሁለት ነው። አንደኛው ደረቁ ነው፤ እንደ በር የጠነከረ፣ እንደ ዓሣ የለሰለሰ፣ ውሃውን ሰንጥቆ የሚሄድ። ሁለተኛው የሚነፋው ነው፤ እንደ ፍራሽ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ሲፈለግ በፖምፓ አየር ይሞላል። “የሁለቱንም ዓይነት ልግዛ ብትዪ አቅምሽ አይችለውም” አላት ቢሾይ። “ከየዓይነቱ አንዳንድ ውሰጂና ሞክሪ። ማታ መጥተሽ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ነገ ጠዋት ዕቃዬን ጭኜ መሄዴ ነው።”

ከነገ ወዲያ ደግሞ ስድስት ሴቶች ከካይሮ ይመጣሉ። ባለፈው ክረምት አቡ ገሉም በሚባለው የባሕር ዳር መንደር ከአጎቷ ዳስ ሥር ፍሬጃ የጠበሰችውን ዓሣ በልተው፣ በተዋሰችው ሳንቃ ባሕሩ ላይ ቆማ ስትሄድ አይተው፣ “እኛንም በዚህ ባሕር ዳር አንቺ ምሪን፤ ወንድ ከፊታችን አይኑር” ያሉ ናቸው። ፍሬጃ ስንት ዓመት ወንዶች ያመጧቸውን እንግዶች ስታበላ ኖራለች። የራሷ እንግዶች ሲመጡላት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታላቅ ወንድሟ ሁሜድ ክፉ ሰው አይደለም። ያለውን አካፍሎ የሚበላ፣ ሳቅ የሚወድ ሰው ነው። ግን ፈጣን ጀልባዎች እንግዶችን ማመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ግመሎቹ ቆመው ሲያመነዥኩ ይውላሉ፤ የግመል ነጂ ክብር ደግሞ እንዲህ ሲሆን ይቆጠቁጣል። የእህቱን ሐሳብ የሰማ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። “ሳንቃዎችሽ በግመሌ ከተጫኑ፣ መሪው እኔ ነኝ። የተጫነው ግመል የማን ነው? መሪውም እሱ ነው። ይህን እኔ አላመጣሁትም፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ ያለ ነው።”

የፍሬጃ ልብ ወደ ደረቁ ያዘነበለው ለዚህ ነው። ደረቁ የሰው ክንድ እንጂ ግመል አይጠይቅም። ክንድ ደግሞ አላት። “አንተ የሚነፋውን ጭነህ በየብስ፣ እኔ በደረቁ ቆሜ በባሕር፤ ማን ቀድሞ አቡ ገሉም እንደሚደርስ እናያለን” ብላ የተወራረደችው ይህንኑ ልታሳየው ነበር።

ስትደርስ ሁሜድ ሁለተኛውን ሻይ እየጠጣ ነው።

“እንኳን ደኅና መጣሽ። መንገዱ እንዴት ነበር? ቤተሰብ ደኅና?” አላት፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

“ምላስህን ነፋስ አይመታውም፤ እሱ ነው የጠቀመህ” አለችና አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ብርጭቆ ብታነሣ እጇ ተንቀጥቅጦ እንደሚያሳጣት ስላወቀች፣ ሁለቱንም መዳፎቿን አሸዋው ውስጥ ቀበረቻቸው። ሁሜድ አየ። ሻዩን በአጠገቧ አስቀመጠና፣ ግመሉን የሚያይ መስሎ ፊቱን አዞረላት።

ለሰው ባትናገረውም ለራሷ አመነች። እሷን ባሕር ያሳደጋትን እንዲህ ያደረገ ነፋስ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውሉትን የካይሮ ሴቶች ምን ያደርጋቸዋል? ወደ ላይ መቅዘፉ አይሆንም። መመለሻው ላይ ግን ነፋሱ ከኋላ ነው፤ ልጅም ቢሆን ይዞት ይሄዳል። እንግዲያው ወደ ላይ በእግር፣ ወደ ታች በባሕር። ደረቁን ደግሞ ግመል ላይ መጫን የማይታሰብ ነው። አጎታቸው አንዴ የቤት በር ግመል ላይ ጭኖ ሲወጣ፣ ነፋሱ በሩን እንደ ሸራ ነፍቶት ግመሉንም በሩንም ባሕር ሊከታቸው ነበር።

“በል ያንተን ፍራሽ ደግሞ እንየው” አለች።

ሁሜድ ጀለቢያውን ሰብስቦ ፖምፓውን መጫን ጀመረ። መጀመሪያ እየዘፈነ፣ ቀጥሎ እያጉረመረመ፣ በመጨረሻ ድምፁን አጥፍቶ።

“በቃው?”

“በጣትህ ስትመታው እንደ ከበሮ ይጩህ እንጂ።”

“ከበሮውን ተይውና እኔ ልጮህ ነው።”

ሲሞላ ቱቦውን አጣሞ ነቀለውና አየሩ ፊሽሽ ብሎ ወጣ። ግመሉ ባለበት ዘለለ፤ ከዚያ ኮርቻውን እንደተሸከመ ሮጦ እስከ ሆዱ ባሕር ገባ።

“እባብ መስሎት ነው!” አለ ሁሜድ እየተከተለው።

“አንተስ ለምን ዘለልክ?”

“እኔማ ግመሉን ላጽናናው ብዬ!”

ግመሉን ሲያወጡ ሁለቱም በሳቅ ቆመው መሄድ አቅቷቸው ነበር።

ፍሬጃ የሚነፋውን ይዛ ገባች። ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ነፋሱ አፍንጫውን ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። እንደ ደረቁ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ፍጥነትም ያንሰዋል። በሌላ በኩል የኮራሉን ድንጋይ ሲነካ ነጥሮ ይመለሳል። ሆን ብላ ስትወድቅበትም እንደ አልጋ ተቀበላት። ጥሩ ነው ብላ ወጣች፤ ያም ሆኖ ልቧ ደረቁን አልለቀቀም። ቂጣ ልታቦካ ወደ ዳሱ ገባች።

ሁሜድ ብቻውን ቀረ። ፀሐይዋ መሃል አናት ላይ ወጥታለች። ቢሾይ ሲያስረክባቸው “ይህን ነፍታችሁ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ አየሩ ሲግል ይፈነዳል” ያለው ትዝ አለው። እንዲህ ሲሆን የእነሱ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። የተከበረ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ግራር ሥር ነው፤ ኮርቻውም፣ የወተቱ ዕቃም፣ የተኛ ሕፃንም። ግራር ሥር የተቀመጠን ነገር ማንም አይነካውም። ሁሜድ ሳንቃውን በሁለት እጁ እየጎተተ በቅርብ ካለው ግራር ጥላ ሥር አገባውና፣ ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው አጠገቡ ጋደም አለ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ድምፅ ሰምቶ ተነሣና ከየት እንደሚመጣ ዙሪያውን ፈለገ። ጆሮውን ወደ ሳንቃው አስጠጋ።

“ፍሬጃ” ብሎ ተጣራ። “ነይ እስቲ። ሳንቃሽ ያፏጫል።”

እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። ሳንቃውን ስትገለብጠው የግራሩ እሾህ፣ ነጭና ረጅም፣ ሆዱ ላይ ተሰክቷል። የሁሜድ እግር ድሮ የደነደነ ነውና፣ መሬቱ በሙሉ እሾህ መሆኑን እንኳ አላስታወሰም። የጥምጥሙን ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ እንደ ልጅ ቆመ።

“ፀሐይ እንዳያገኘው ብዬ ነው” አለ።

ልትጮህበት ነበር፤ ተወችው። ከእሱ ቀድማ ፀሐዩን ያየችው እሷ ብትሆን ኖሮ የት ታደርገው ነበር?

“እኔም እዚሁ ነበር የማመጣው” አለች። “የሠራው ሰው ግራር አይቶ አያውቅም።”

ከረጢቱ ኪስ ውስጥ ቁራጭ ጎማና ማስቲሽ ነበር። ቀዳዳውን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቀባች፣ ለጠፈችና ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫነችበት። እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ቂጣውን በሉ። ሁሜድ እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደም። ፍሬጃ እያየችው ቆየችና ብድግ አለች።

“ተነሥ።”

“ወዴት?”

“ደረቁ ላይ ልትቆም።”

“አብደሻል? እኔ መዋኘት አልችልም!”

“ከሚመጡት ሴቶች የሚበልጡት አይችሉም። አንተን ያቆመ እነሱን ያቆማል። ማንም የለም፤ ውሃውም ወገብ አያልፍም።”

እምቢ ለማለት ፊት አልነበረውም። ቢሾይ ከሳንቃዎቹ ጋር የሰጣቸውን ተንሳፋፊ ሰደርያ ከጀለቢያው ላይ አስራለት ውሃው ውስጥ ገባ። ደረቁ ላይ በጉልበቱ ወጣ፤ ሊነሣ ሲል ሳንቃው ከሥሩ ሾልኮ ሄደና በጀርባው ወደቀ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞክር ጠርዙ ቅልጥሙን አገኘው።

“ይኼ የሰይጣን በር ነው!” አለ ውሃ እየተፋ። “እኔ በሱ የምገባበት ቤት የለኝም። ጨርሻለሁ!”

ጥላው ሲረዝም ፍሬጃ የተለጠፈውን ሳንቃ ነፋችና ውሃ ውስጥ ከታ አየችው። አንድም አረፋ አልወጣም።

“አሁን በዚህ። ለመጨረሻ ጊዜ፣ የእናቴ ልጅ።”

ቅልጥሙን እያሸ ወጣ። ሳንቃው ሰፊ ነው፤ ጉልበቱ ሲያርፍበት ትንሽ ሰመጥ ብሎ ያዘው።

“አንድ እግር አምጣ። ወደ ታች አትይ፤ ወደ ተራራው ነው የምታየው። አሁን ሌላውን። ጉልበትህን አትገትር። ቀስ። ቀስ ብለህ ቀና በል።”

ያለችውን ሁሉ አደረገ። ቀናም አለ። ዕድሜውን ሙሉ በባሕሩ ዳር የኖረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕሩ ላይ ቆመ። ሳንቃው ሲንቀጠቀጥ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ አልወደቀም። እጁን ዘርግቶ ወደ ተራራው አየ።

“ፍሬጃ።”

“አቤት።”

“ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።”

“እኔ አልናገርም። ግመሉ ግን አይቶሃል።”

ሳቀና ወደቀ፤ ወድቆም ሳቀ፤ ራሱ ተመልሶ ወጣ። ፍሬጃ ያን ጊዜ ምርጫዋ እንዳለቀ አወቀች። የፈራ ሰው ወድቆ እንደገና የሚወጣበት የትኛው እንደሆነ በዓይኗ አይታለች። ደረቁን ግን የወደደችው ለራሷ ነበርና፣ መለየቱ አልቀለላትም።

ሲመለሱ እሷ በደረቁ ነፋሱን ከኋላ አድርጋ እንደ ወፍ ወረደች። ሁሜድ መንገዱ ማለቂያ ላይ ደረሰባት፤ ልብሱ ደርቆ፣ ኩራቱም ተመልሶ።

“እንግዲህ የሚነፋውን ከመረጥሽ ግመል ያስፈልግሻል” አለ። “ከነገ ወዲያ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ ማለት ነው። ሴቶቹ ቅር እንዳይላቸው አላናግራቸውም፤ ዝም ብዬ ነው የምሄደው።”

“እናያለን” አለች።

ቢሾይ ሱቅ ሲደርሱ መምሸት ጀምሯል። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል።

“እህ፣ ሸኽ ሁሜድ! የትኛውን መረጣችሁ?” አለ፣ ዓይኑን ከወንድየው ሳያነሣ።

“የሚነፋውን። ለእንግዶቼ ስድስት” አለች ፍሬጃ።

ቢሾይ ራሱን እየነቀነቀ የተዋሱትን ፈትቶ መመልከት ያዘ። ጣቱ ጎማዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ይህ ምንድን ነው? አዲስ ዕቃ አይደለም እንዴ የሰጠኋችሁ? ማን ነው የቀደደው?”

ሁሜድ ውሸት አይችልም። ወደ ፊት ራመድ አለ።

“እሱን እንኳ እኔ...”

“የተዋስኩት እኔ ነኝ” አለች ፍሬጃ ከአፉ ነጥቃ። “የደረሰበትን ሁሉ እኔን ጠይቅ። ስድስቱን አዲስ አድርገህ ስጠኝ፤ ይህን ደግሞ እኔ እወስደዋለሁ። እኔ ነኝ የምቆምበት።”

ሁሜድ ዘወር ብሎ አያት። ቢሾይም አሁን ገና ወደ እሷ ዞረ።

“አንቺማ በተጠገነ አትሄጂም” አለ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። “አንቺን የመሰለች ቀዛፊ! ደረቁን ውሰጂ። ይዤው ከምመለስ በዚሁ በተጠገነው ሳንቃ ዋጋ ልተውልሽ። መሪ ከሌሎቹ መፍጠን የለባትም?”

ደረቁ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የባሕሩ ጨው ገና አልለቀቀውም። ፍሬጃ መዳፏን ጠርዙ ላይ አሳረፈች፤ ወደ ታች ከሆዱ ሥር እስከወጣው ትንሽ ክንፍ ድረስ ዳሰሰችው። እውነትም የሚያምር ነገር ነው።

“እንግዶቼ በሚሄዱበት ነው የምሄደው” አለችና እጇን አነሣች።

ከረጢቶቹን አወጡ። ሁሜድ ግመሉን አንበርክኮ አንድ በአንድ ጫነ፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። ገመዱን ሲያጠብቅ ቀና ሳይል ተናገረ።

“እሾሁ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩ ልነግረው ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ለምን አላስጨረስሽኝም?”

“ያንተ ስላልነበረ ነዋ። ጉዞው የኔ ነው፤ ጉዳቱም የኔ ነው።”

ሁሜድ ቋጠሮውን ፈታና እንደገና ቋጠረው። ደኅና የታሰረ ቋጠሮ ነበር።

“ከነገ ወዲያ በስንት ሰዓት ልምጣ?” አለ በመጨረሻ።

“ነፋሱ ሳይነሣ። ጎሕ ሲቀድ ደጃፌ ላይ ሁን።”

“እሺ።” ከዚያ መሬት የቀረውን ከረጢት፣ የተለጠፈውን፣ በእጁ አመለከተ። “እሱን ስጪኝ፤ ከላይ አድርጌ አስረዋለሁ። ግመሉ ይችለዋል።”

“ይችለዋል” አለች።

ከረጢቱን አነሣችና ማንገቻውን በራሷ ትከሻ ላይ አጠለቀች። ከባድ ነበር፤ አንዴ አስተካከለችው። ከዚያ ወንድሟን ሳትጠብቅ መንገዱን ቀድማ ጀመረች። ከኋላዋ ግመሉ እያጉረመረመ ሲነሣ ሰማች፤ ቀጥሎም የሁሜድን እግር፣ ከግመሉ እግር ጋር፣ በእሷ ርምጃ ልክ ሲከተላት።